ከጥርስ ሐኪሜ ካርዴን ተቀበልኩ

ስለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ልጽፍ ነው። ጥርስ ያነጣሉ ወይ፣ መርፌያቸው ያማል ወይ የሚለውን አልነካም፤ ስለሱ የሚጽፍ ሞልቷል። እኔ የመዘንኩት ካርዳቸውን ነው። ታክሜ ስወጣ ስለ አፌ ምን ብለው ጻፉ? ያነሱት ራጅ የት ገባ? ስጠይቃቸውስ አውጥተው ይሰጡኛል? የክሊኒኩን ስም አልጠራም፣ ማስታወቂያ እንዲመስል አልፈልግም። መመዘኛው ግን የትኛውም ክሊኒክ ላይ ይሠራል።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

የቅርብ ጓደኛዬ ወንድም በመኪና አደጋ ሞተ። መኪናው ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ በዕድሜም በቁመትም የሚቀራረቡ። እሳት ስለነበር ፊታቸው አይለይም፣ የጣት አሻራም ማንሳት አልተቻለም። መርማሪዎቹ ቤተሰቡን ቀድመው ከጠየቁት ነገር አንዱ «የጥርስ ሐኪሙ ማን ነበር?» የሚል ነው። ሁሉም እርስ በርስ ተያየ። እንዲህ ባለ ሰዓት ስለ ጥርስ መጠየቅ ለሰሚው ግራ ነው። እናቱ ግን ከዓመታት በፊት መንጋጋው አሞት የሄደበትን ክሊኒክ አስታወሱ። እኔና ጓደኛዬ ወዲያው ሄድን።

ካርዱ ተገኘ። አንዲት ገጽ ናት። ስም አለ፣ ቀን አለ፣ ከዚያ በችኮላ በተጻፈ የእጅ ጽሑፍ «1 መንጋጋ ተነቅሏል፣ 2 ተሞልቷል» ይላል። የትኛው መንጋጋ? የላይ ነው የታች? የቀኝ ነው የግራ? አልተጻፈም። ራጅ ተነሥቶ እንደነበር እናቱ ያስታውሳሉ፣ ፊልሙ ግን የለም። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ መደርደሪያውን ሁሉ ገለባበጠች፣ እንባዋ እስኪመጣ ድረስ ፈለገች። ጥፋቱ የሷ አልነበረም። ሲስቅ የተነሣው ፎቶ ካለ አምጡ ተባልን። የፊት ጥርሶቹ በደንብ ከታዩ ፎቶም ይረዳል አሉን። ስልካችንን ሁሉ አገላበጥን። ልጁ ለካ ሲስቅ አፉን ይዘጋ ነበር።

መጨረሻ ላይ ማንነቱ የታወቀው በዲኤንኤ ነው። እስከዚያ ሳምንታት አለፉ። እናቱ ስልክ በጮኸ ቁጥር «የኔ ልጅ ነው ወይስ አይደለም?» እያሉ ጠበቁ። መቅበር አይችሉ፣ ተስፋ መቁረጥ አይችሉ።

ከዚያ በኋላ ነው የፎረንሲክ የጥርስ ሕክምና ስለሚባለው ሙያ ማንበብ የጀመርኩት። የጥርስን ዕውቀት ለፖሊስ፣ ለአስከሬን መርማሪና ለፍርድ ቤት የሚያውል ሙያ ነው። ያነበብኩት ሁሉ መልሶ መልሶ ወደዚያች አንዲት ገጽ ወሰደኝ። ባለሙያው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ የሚያመሳክረው ነገር ከሌለው እጁ ታስሯል። ማመሳከሪያውን የሚያዘጋጀው ደግሞ ሰፈር ያለው ተራ የጥርስ ሐኪም ነው፣ ያውም ከዓመታት በፊት፣ ለምን እንደሚያስፈልግ ሳያውቅ።

ጥርስ ለምን ተመረጠ? ኢናሜል፣ ማለትም የጥርሱ የውጭ ሽፋን፣ በክብደት 96 በመቶ ገደማው ማዕድን ነው። በሰውነታችን ውስጥ ከሱ የጠነከረ ነገር የለም። ቆዳና ሥጋ ከጠፋ በኋላ፣ ውሃ ውስጥም አፈር ውስጥም ጥርስ ይቆያል። በእሳት ጊዜ ደግሞ ከንፈር፣ ጉንጭና ምላስ የኋላ መንጋጋዎችን ይሸፍኗቸዋል፤ ቀድመው የሚጎዱት የፊት ጥርሶች ናቸው። ክፉኛ የተቃጠለ ጥርስ ቅርጹ ያለ ቢመስልም ሲነኩት ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ፎቶ ያነሣል፣ እንዳይፈርስ በማጣበቂያ ያጠነክረዋል፣ ከዚያ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ይሄን ሳነብ ያ ልጅ ታሰበኝና ወረቀቱን ለጥቂት ቀን አስቀመጥኩት።

ኢንተርፖል፣ ማለትም የአገሮች ፖሊሶች የሚተባበሩበት ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ በጅምላ አደጋ የሞቱ ሰዎችን ለመለየት ዋና ብሎ የሚቀበላቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፦ የጣት አሻራ፣ ጥርስና ዲኤንኤ። ዘመድ አይቶ «እሱ ነው» ማለቱ ብቻውን አይበቃም፤ ያዘነ ሰው ዓይን ይሳሳታል። በኢንተርፖል አሠራር ሁለት ቅጽ አለ። ቢጫው ሰውየው በሕይወት እያለ ስለነበረው ነገር ከቤተሰብና ከሐኪም የሚሞላ ነው። ሮዙ ከአስከሬኑ ላይ የተገኘውን ይይዛል። የጓደኛዬ ወንድም ቢጫ ቅጽ የጥርስ ገጹ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ልጽፍለት ወደተነሣሁት ክሊኒክ ልምጣ። እነዚህኞቹ ጋ መታከም ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፣ ካርዴን ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። እንግዳ መቀበያ ላይ «የሙሉ ካርዴን ቅጂና ራጆቼን እፈልጋለሁ» አልኩ። ልጅቷ ለምን እንደፈለግኩ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። መታወቂያ አየች፣ ቅጽ አስፈረመችኝ። ይሄን ወደድኩት። ማንም መጥቶ የሰው የሕክምና መረጃ ተቀብሎ መሄድ የለበትም።

ዶክተሯ ራሷ ወጥታ «ከመስጠታችን በፊት አፍህን እንደገና ልየው፣ ያረጀ ቻርት ይዘህ አትሂድ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። መስታወቷን ይዛ ከላይ ቀኝ ጀምራ ጥርስ በጥርስ እየጠራች፣ ረዳቷ ኮምፒውተር ላይ ትመታለች። «18 የለችም፣ 17 ጤነኛ፣ 16 ሙሌት…» ሠላሳ ሁለቱንም። የጎደለውን ብቻ ሳይሆን ጤነኛውንም ጠራች። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ካርድ ላይ የሚጻፈው የዚያን ቀን የታከመችው ጥርስ ብቻ ናት፣ የቀሩት እንደሌሉ ይቆጠራሉ። ማንነት ለመለየት ግን ጤነኛ ጥርስም ማስረጃ ነው።

ያተሙልኝን ቻርት አሁን አጠገቤ አስቀምጬዋለሁ። ለእያንዳንዷ ጥርስ አምስት የተከፈለ ሳጥን አለ፣ ለአምስቱ ፊቶቿ። በታች በግራ ያለችው የመጀመሪያዋ መንጋጋዬ ላይ ማኘኪያው ፊትና አንዱ ጎን ጥቁር ተቀብቷል፣ አጠገቡ የተሞላችበት ቁስና ቀኑ ተጽፏል። ራጁ ላይ ደግሞ ያው ሙሌት ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ቅርጹ እንደ ቦት ጫማ ነው፣ ተረከዙ ወደ ኋላ ሾል ብሏል። አንድ ሐኪም በዚያች ቀን በእጁ የቀረጸው ነው። ሌላ ሰው አፍ ውስጥ ልክ ይሄንኑ ቅርጽ፣ ያውም እኔ ካሉኝ ሥሮች በላይ፣ ማግኘት የማይታሰብ ነው። መንታ ወንድም ቢኖረኝ እንኳ ዲኤንኤያችን አንድ ሊሆን ይችላል፣ ይቺ ሙሌት ግን የኔ ብቻ ናት።

ማመሳከሩ እንዴት እንደሚሠራ ሲገባኝ ያቺን አንዲት ገጽ ይበልጥ ተናደድኩባት። ባለሙያው የድሮውን ቻርትና ራጅ ከአስከሬኑ ራጅ ጎን ያስቀምጣል። ልዩነት ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይሄ በጊዜ ሂደት ሊመጣ ይችላል?» ብሎ ነው። ካርዱ ላይ ጤነኛ የተባለች ጥርስ አስከሬኑ ላይ ተሞልታ ብትገኝ ችግር የለም፣ በመሃል ሌላ ቦታ ታክሞ ይሆናል። ትንሿ ሙሌት ሰፍታ ብትገኝም እንደዚያው። ካርዱ «ተነቅላለች» ያላት የአዋቂ ጥርስ ቦታዋ ላይ ብትገኝ ግን ነገር ተበላሸ፣ ምክንያቱም ተመልሳ አትበቅልም። ወይ ሰውየው ሌላ ነው፣ ወይ ካርዱ ተሳስቷል። በችኮላ ቀኝ ለማለት ግራ የጻፈ ሐኪም፣ ትክክለኛውን ሰው «አይደለም» ሊያስብለው ይችላል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ቻርቱ ላይ የትኛውን የጥርስ አቆጣጠር እንደተጠቀሙ አልተጻፈም። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ብዙ አገሮች የሚጠቀሙበት ኤፍዲአይ የሚባለው ባለሁለት አኃዝ አቆጣጠር ላይ 26 ማለት በላይ በግራ ያለችው የመጀመሪያዋ መንጋጋ ናት። አሜሪካኖች የሚጠቀሙበት ከ1 እስከ 32 በሚሄደው ላይ ግን 26 በታች በቀኝ በኩል ያለች የፊት ጥርስ ናት። አንድ ቁጥር፣ ሁለት የተለያየ ጥርስ። አደጋ ደግሞ አገር አይመርጥም፤ አውሮፕላን ውስጥ የሃያ አገር ሰው ሊኖር ይችላል። ይሄን ለዶክተሯ ስነግራት አልተከራከረችኝም። ብዕር አውጥታ በኅዳጉ ላይ «ኤፍዲአይ» ብላ ጻፈች፣ ፊርማዋንና ቀኑን አኖረች፣ ረዳቷንም ከዛሬ ጀምሮ ማተሚያው ላይ ይግባ አለቻት።

ሁለተኛው ቅሬታ ራጆቹ ላይ ነው። መጀመሪያ የሰጡኝ የኮምፒውተሩን ስክሪን በስልክ አንሥተው ነው። ደብዛዛ ነው፣ ቀኑ ተቆርጧል፣ የቀኝና የግራ ምልክቱ አይታይም። ራጅ ከተገለበጠ ግራው ቀኝ ይሆናል፣ እና እንደገና እዚያው ስሕተት ውስጥ ነን። ዋናውን ፋይል፣ ዳይኮም የሚባለውን፣ ስጡኝ ስላቸው ግን በፍላሽ ገለበጡልኝ። መቻላቸው ጥሩ ነው፣ ሳልጠይቅ ቢያደርጉት ደግሞ ይሻል ነበር። ካርድ ስንት ዓመት እንደሚያስቀምጡ ስጠይቅም መቀበያ ላይ ያለችው አላወቀችም፣ መልሱን ያገኘሁት ከዶክተሯ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከለከለችኝ፣ በዚህም ይበልጥ አመንኳት። «እስከመጣሁ ድረስ ሙሉ አፌን የሚያሳይ ፓኖራሚክ ራጅ አንሺኝ፣ ካርዴ ላይ ይቀመጥ» አልኳት። «ለሕክምና የሚያስፈልግህ ነገር ሳይኖር ጨረር አልሰጥህም። ያለህ ራጅ ይበቃል» አለችኝ። ገንዘቡን መቀበል ትችል ነበር። አልተቀበለችም።

ፓኖራሚክ ያነሣችው ለእህቴ ልጅ ነው፣ 13 ዓመቱ ነው፣ ብሬስ (ጥርስ የሚያቀና ሽቦ) ሊደረግለት ስለሆነ። ስክሪኑ ላይ አሳየችን። ከኋላ፣ መንጋጋው አጥንት ውስጥ፣ ዊዝደም የምንላት የመጨረሻዋ ጥርስ ገና አናቷ ብቻ ተሠርቶ ሥር ሳታወጣ ተቀምጣለች። ልጁ «አጎቴ፣ ይቺ መቼ ነው የምትወጣው?» አለኝ፣ እኔ ወደ ዶክተሯ አየሁ። ጥርስ ደረጃ በደረጃ ስለሚሠራ የልጅን ዕድሜ መገመት ይቻላል አለችን። በ1973 (በጽሑፌ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዴሚርጂያንና ባልደረቦቹ በታች በግራ ያሉ ሰባት ጥርሶችን በስምንት ደረጃ ከፍለው የሚገመግሙበት ዘዴ አወጡ፣ እስከዛሬም ይሠራበታል። አንድ ተከሳሽ ወይም ጥገኝነት ጠያቂ ልጅ ነው ወይስ አዋቂ በሚባልበት ጉዳይ ፍርድ ቤት የሚጠይቀውም ይሄን ዓይነት ግምት ነው። ችግሩ 18 ዓመት አካባቢ ላይ ነው። ሌሎቹ ጥርሶች አድገው ጨርሰዋል፣ የቀረችው ዊዝደሟ ብቻ ናት፣ እሷ ደግሞ ከሰው ሰው በዓመታት ትለያያለች። ስለዚህ «18 ሞልቶታል» ብሎ በአንድ ራጅ መደምደም አይቻልም፣ ከዚህ እስከዚህ ተብሎ ነው መነገር ያለበት። ዶክተሯ ይሄን ለ13 ዓመት ልጅ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳቷን ሳላደንቅ አላልፍም።

በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ያናደደኝ ነገር አለ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አንድ የታጠፈ በራሪ ወረቀት ተቀምጧል፣ ስለ ጥርስና ወንጀል ምርመራ። ግማሹ ጥሩ ነው። ሌላው ግማሽ ግን ቆዳ ላይ ያለ የንክሻ ምልክት ወንጀለኛውን እንደ አሻራ ይለያል ይላል። ይሄ ስሕተት ነው፤ ደግሞ ሰው ሞት ፍርድ ላይ ያደረሰ ስሕተት ነው።

ንክሻን በዓለም ያስወራው በ1979 በአሜሪካ ፍሎሪዳ የታየው፣ ሴቶችን በመግደል የተከሰሰው የቴድ በንዲ ጉዳይ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ፍርድ ቤቶች ተቀበሉት። በአሪዞና ሬይ ክሮን የሚባል ሰው፣ የፊት ጥርሶቹ የተዛነፉ ስለነበሩ፣ ሟቿ ላይ ያለው ንክሻ የሱ ነው ተባለ። በ1992 ሞት ተፈረደበት። በ1996 ድጋሚ ተከራክሮ ድጋሚ ጥፋተኛ ተባለ። በ2002 ዲኤንኤው ሲመረመር የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘና ተለቀቀ። ከ10 ዓመት በላይ ታስሮ ነው። የታሰረው ጥርሱ ስለተጣመመ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ነገሩን በቀላሉ አስቡት። ሙሌትና ሥር በራጅ ሲታይ ጠንካራ ነገር ከጠንካራ ነገር ጋር ነው የሚነጻጸረው። ቆዳ ግን ይለጠጣል፣ ያብጣል፣ ሰውነት ሲንቀሳቀስ ቅርጹ ይቀየራል፣ ሰንበሩም በየቀኑ ይለዋወጣል። በዚያ ላይ ምልክት የሚያሳርፉት በአብዛኛው ጥቂት የፊት ጥርሶች ብቻ ናቸው። በ2016 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሳይንስና ቴክኖሎጂ አማካሪዎች ምክር ቤት፣ ባለሙያዎቹ አንድ ቁስል የሰው ንክሻ መሆን አለመሆኑ ላይ እንኳ እንደማይስማሙ ጻፈ። በዚያው ዓመት የቴክሳስ የፎረንሲክ ሳይንስ ኮሚሽን እንዲህ ያለ ማስረጃ ፍርድ ቤት መቅረቡ እንዲቆም መከረ። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ተቋምም በ2022 ባወጣው ረቂቅ ግምገማ የንክሻ ትንተና በቂ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም አለ።

ንክሻ ሲገኝ የሚያዋጣው ምራቁ ነው። በእርጥብ ጥጥ ይጠረጋል፣ ከዚያ በደረቅ፣ ሁለቱም ለዲኤንኤ ይላካሉ። ክሮንን ነጻ ያወጣውም ምራቅ ነው።

ለዶክተሯ ወረቀቱን አሳየኋትና ይሄን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳት። ትንሽ ረዘምኩባት መሰለኝ። ዝም ብላ ሰማችኝ፣ ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ የቀሩትን ሰብስባ መሳቢያ ውስጥ ከተተቻቸው።

ካርድ መጠበቅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያሳዩ ሁለት የድሮ ታሪኮች አሉ። በ1849 ቦስተን ውስጥ ጆርጅ ፓርክማን የሚባል ሀብታም ጠፋ። የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር ጆን ዌብስተር ምድጃ ውስጥ የሰው ሠራሽ ጥርስ ስባሪ ተገኘ። ጥርሱን የሠራው ሐኪም ናታን ኪፕ የፓርክማንን መንጋጋ ልክ የወሰደበትን የጄሶ ቅርጽ አልጣለም ነበር፤ ፍርድ ቤት ይዞት ቀረበና ስባሪው ገጠመ። ዌብስተር በ1850 ተሰቀለ። በ1897 ደግሞ ፓሪስ ውስጥ አንድ የበጎ አድራጎት ባዛር ተቃጥሎ ከ120 በላይ ሰዎች ሞቱ። የኦስትሪያዋ ንግሥት ኤልሳቤጥ እኅት፣ የአለንሶን መስፍን ሚስት፣ ከሟቾቹ አንዷ ነበሩ። የለዩዋቸው የጥርስ ሐኪማቸው ናቸው።

በ2004ቱ ሱናሚም ታይላንድ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ወራት ማንነታቸው ከታወቀው ሰዎች አብዛኞቹ የተለዩት በጥርስ ነው። ይበልጥ የተጠቀሙት ግን አገራቸው ውስጥ የተደራጀ የጥርስ ካርድና ራጅ የነበራቸው የውጭ ዜጎች ናቸው። ባሕሩ የወሰዳቸው አንድ ላይ ነው፣ ወረቀት ያልነበረው ግን ይበልጥ ጠበቀ።

ለክሊኒኩ ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። ሙሉ ቻርት፣ ግልጽ ራጅ፣ ምስጢር መጠበቅ፣ ሲነገራቸው መስማት። አንዱን ኮከብ የያዝኩት ለስክሪን ፎቶውና ለበራሪ ወረቀቱ ነው። ለዚያኛው፣ ለአንድ ገጹ ክሊኒክ፣ ቁጥር አልሰጥም። ደብዳቤ ጽፌላቸዋለሁ። መልስ ገና አልመጣም።

እናንተም ስትጠይቁ እነዚህን እዩ፦ ሠላሳ ሁለቱም ጥርሶች ተጽፈዋል? የቱ አቆጣጠር ነው? ራጁ ቀንና ቀኝ ግራ አለው? ዋናው ፋይል ይሰጣል? ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው ሰው ካለ ደግሞ ስሙ ወይም ቁጥሩ ውስጡ እንዲጻፍ ጠይቁ፤ ሲሠራ በቀላሉ የሚገባ ነገር ነው።

የኔን ፋይል ለእህቴ ልኬላታለሁ፣ የክሊኒኩን ስልክም ከሥሩ ጽፌአለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ ለእናቱ ቀጠሮ ይዟል። መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር። ትናንት ራሳቸው ደወሉልኝና «ልጄ፣ ሐሙስ አንተም ትመጣለህ?» አሉኝ። እሄዳለሁ።